ሐምሌ 1906፦ ማን ወሰነ? ስለ አንደኛው የዓለም ጦርነት ለቀረበ ጽሑፍ ምላሽ

ስለ አንደኛው የዓለም ጦርነት መነሻ፣ ውጊያዎችና መሪዎች የሚተርክ አንድ ረዘም ያለ ጽሑፍ ሰሞኑን ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ሰንብቷል። ለዛ ስላለው ብዙ ሰው ወዶታል። ጭብጡ ሲጨመቅ ግን ይህን ይመስላል፦ አንድ ተማሪ በአጋጣሚ ተኮሰ፤ የቃል ኪዳን ሰንሰለት አገሮቹን አንድ በአንድ ጎትቶ አስገባ፤ የባቡር የጊዜ ሰሌዳ ነገሥታቱን እጅ ጠመዘዘ፤ ደንቆሮ ጄኔራሎች ወታደሩን አስፈጁ፤ በመጨረሻ ታንክና አሜሪካ መጥተው ገላገሉ። በዚህ ትረካ ውስጥ የወሰነ ሰው አይገኝም። ጥይት ይወስናል፣ ሐዲድ ይወስናል፣ ወረቀት ይወስናል። ምላሻችን ያረፈው እዚህ ላይ ነው።

በቅድሚያ ግን የቀን ነገር። ጽሑፉ ጦርነቱ «በ1914 ዓ.ም.» ተጀመረ ይላል። በእኛ አቆጣጠር ጦርነቱ የተጀመረው ሐምሌ 1906 ሲሆን ኅዳር 2 ቀን 1911 ዓ.ም. ቆሟል፤ ስለዚህ «1914 ዓ.ም.» ሲገባ ጦርነቱ ካለቀ ሦስት ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ከዚህ በታች ወሩ በፈረንጅ ስም ሲጠራ ወይም ዓመቱ ብቻውን ሲቆም አቆጣጠሩ የእነሱ ነው፤ ወሩ በእኛ ስም ሲጠራ ወይም ዓ.ም. ሲባል የእኛ።

ስለ ሳራዬቮ። ጸሐፊው ጋቭሪሎ ፕሪንሲፕን ብቻውን የተነሳ ልጅ ያደርጉታል። ሳንድዊች ሊገዛ ሱቅ ደጃፍ ቆሞ ሳለ፣ መንገድ የሳተ ሾፌር የኦስትሪያ-ሃንጋሪን አልጋ ወራሽ ፍራንዝ ፈርዲናንድን አምጥቶ ፊቱ አቆመለት ይላሉ። ጁን 28 ቀን 1914 (ሰኔ 21 ቀን 1906 ዓ.ም.) በከተማዋ ወንዝ ዳር ባለው ጎዳና ላይ ተራርቀው የቆሙት ገዳዮች ስድስት ነበሩ። አራት ሽጉጥና ስድስት የእጅ ቦምብ ነበራቸው። መሣሪያውን ቤልግሬድ ላይ ያስረከቧቸው የሰርቢያ ጦር ሰዎች ናቸው፤ ከበስተጀርባ የነበረውም የጦሩ የስለላ ኃላፊ ድራጉቲን ዲሚትሪዬቪች ነው። ጠዋት ከስድስቱ አንዱ ቻብሪኖቪች የወረወረው ቦምብ አልጋ ወራሹን ስቶ ተከታዩን መኪና መታ። ፍራንዝ ፈርዲናንድ ከማዘጋጃ ቤቱ ሲወጣ የቆሰለውን መኮንን ሆስፒታል ሄዶ ሊጠይቅ ፈለገ፤ መንገዱም ተለወጠ። ለውጡን ለሾፌሮቹ የነገራቸው ሰው ግን አልነበረም። ሾፌሩ ቀድሞ በታወጀው መንገድ ታጠፈ፤ «ተሳስተሃል፣ ቁም» ተባለ፤ ቆመ። ፕሪንሲፕ እዚያ የነበረው ለዚሁ ነው፤ የታወጀው የመመለሻ መንገድ መታጠፊያ ያ ቦታ ነበርና። አጋጣሚው የመኪናው መቆም ብቻ ነው። ሳንድዊቹ ከብዙ ዘመን በኋላ የተጨመረ ማጣፈጫ ነው።

ከተኩሱ እስከ መጀመሪያው የጦርነት አዋጅ ድረስ አንድ ወር ሙሉ አለ። ጽሑፉ ይህን ወር በሁለት ዓረፍተ ነገር ዘሎታል፤ ነገሩ ሁሉ የተፈጸመው ግን በዚያ ወር ነው። ጁላይ 5 ቀን ከቪየና የተላከው ሆዮስ በርሊን ደረሰ፤ የጀርመኑ ንጉሠ ነገሥት (ካይዘር) ዊልሄልምና ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቤትማን-ሆልቬግ በሁለት ቀን ውስጥ ያለ ምንም ገደብ እንደሚደግፉ ቃል ሰጡ። የኦስትሪያው ኤታማዦር ሹም ኮንራድ ሰርቢያን እንውጋ ሲል ዓመታት አስቆጥሮ ነበር። የሃንጋሪው ጠቅላይ ሚኒስትር ቲሳ ግን እስከ ጁላይ 14 ድረስ አሻፈረኝ ብሏል። ከተስማማም በኋላ ማስጠንቀቂያው ወዲያው አልወጣም። አንደኛ፣ ብዙ ወታደር ለመከር ፈቃድ ወጥቶ ነበር። ሁለተኛ፣ የፈረንሳዩ ፕሬዝዳንት ፖንካሬ ሴንት ፒተርስበርግ ላይ ከዛሩ ጋር ሳለ ደብዳቤው ከደረሰ ሁለቱ ፊት ለፊት ሊመክሩበት ነው። ስለዚህ ፖንካሬ መርከብ እስኪሳፈር ተጠብቆ፣ አሥር ነጥብ ያለው ማስጠንቀቂያ ጁላይ 23 ምሽት ላይ የ48 ሰዓት ገደብ ተሰጥቶት ቤልግሬድ ገባ። በስሜት የነደደ ሰው የመርከብ መነሻ ሰዓት አይቆጥርም።

ሰርቢያ አብዛኛውን ተቀበለች፤ የኦስትሪያ ሹሞች በግዛቷ ውስጥ በፍርድ ምርመራው ይሳተፉ የሚለውን ግን አልቀበልም አለች። ዊልሄልም መልሱን ጁላይ 28 ጠዋት ሲያነብ የጦርነት ምክንያት ሁሉ አበቃ ብሎ ጻፈ፤ ኦስትሪያ ቤልግሬድን ብቻ ይዛ ትቁም ሲልም ሐሳብ አቀረበ። ቤትማን-ሆልቬግ ሐሳቡን ዘግይቶና ለዝቦ አስተላለፈው። ቪየና በዚያው ቀን ጦርነት አወጀች። በሌላው ወገን ዛር ኒኮላይ ጁላይ 29 አጠቃላይ የክተት ትእዛዝ ፈርሞ፣ ከዊልሄልም ቴሌግራም ሲደርሰው ማታውኑ ሻረው፤ በማግስቱ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሳዞኖፍ ወትውቶ መልሶ አስፈረመው። ይህን የመሰለ መፈረም፣ መሻርና መልሶ መፈረም እያለ «ማንም ሊያቆመው አይችልም ነበር» ማለት ከየት የመጣ ነው?

የቃል ኪዳኑ «ሰንሰለት» ደግሞ የጽሑፉ ደካማ ጎን ነው። ሰንሰለት ቢሆን ኖሮ ጣሊያን ከ1882 ጀምሮ ከጀርመንና ከኦስትሪያ-ሃንጋሪ ጋር የታሰረች ናት። እሷ ግን ቃል ኪዳኑ ለመከላከል እንጂ ለማጥቃት አይደለም ብላ ገለልተኛ ሆነች፤ በሜይ 1915 ደግሞ መሬት ስለተገባላት የቀድሞ ወዳጇን ወጋች። ሮማኒያም በምሥጢር ከቪየና ጋር ተዋውላ ነበር፤ በኦገስት 1916 የዘመተችው በቪየና ላይ ነው። ሩሲያን ለሰርቢያ እንድትዋጋ የሚያስገድድ ውል አልነበረም። ብሪታኒያም ከፈረንሳይ ጋር የ1904 መግባባት እንጂ የመዋጋት ግዴታ አልነበራትም። የለንደኑ ካቢኔ ለሁለት ተከፍሎ ሰንብቶ፣ ሚዛኑን የደፋው የጀርመን ጦር ቤልጂየምን መጣሱ ነው፤ የቤልጂየም ገለልተኝነት በ1839 ውል የተጠበቀ ነበርና። ያም ሆኖ ሞርሊና በርንስ የተባሉ ሁለት ሚኒስትሮች ሥራቸውን ለቀዋል። ውል ለሚፈልገው ምክንያት ሆነ፤ ላልፈለገው ወረቀት ሆኖ ቀረ።

የባቡር የጊዜ ሰሌዳው ከዚህ የተሻለ መሠረት አለው። የጀርመን የክተት ዕቅድ በእርግጥም በደቂቃ የተሰላ ነበር። ኦገስት 1 ቀን ብሪታኒያ ገለልተኛ ልትሆን ትችላለች የሚል ቴሌግራም ከለንደን ሲደርስ ዊልሄልም ጦሩን በሙሉ ወደ ምሥራቅ አዙሩት አለ። ኤታማዦር ሹሙ ሞልትከ አይቻልም አለው። ጽሑፉ እዚህ ላይ ያቆማል። የባቡር ክፍሉ ኃላፊ የነበረው ጄኔራል ፎን ሽታብ ግን ከጦርነቱ በኋላ ባሳተመው ስሌት አብዛኛውን ጦር ወደ ምሥራቅ ማዞር ይቻል እንደነበር ለማሳየት ሞክሯል። ለሩሲያ ብቻ የሚሆነውን ሌላ ዕቅድ ማዘጋጀት ያቆመው በ1913 የሞልትከ ጽሕፈት ቤት ራሱ ነው። ሐዲዱ ሞልትከን አላሰረውም፤ ሞልትከ ራሱን በሐዲዱ አሰረ።

ወደ ውጊያዎቹ እንለፍ። ጸሐፊው የሽሊፈን ዕቅድ፣ ማለትም በቤልጂየም በኩል ዞሮ ፈረንሳይን ቶሎ የመጣል የጀርመን ዕቅድ፣ እንከን የለሽ ነበር፣ ያከሸፉትም የፓሪስ ታክሲዎች ናቸው ይላሉ። ታክሲዎቹ እውነት ናቸው፤ 600 ያህል ነበሩ፣ ሴፕቴምበር 6 ሌሊትና በማግስቱ ያመላለሱት ወታደር ግን ከ4,000 እስከ 6,000 ይገመታል። በፓሪስ አቅራቢያ በማርን ወንዝ ውጊያ በሁለቱም ወገን የተሰለፈው ጦር ከሁለት ሚሊዮን ያላነሰ ነው። ያው ታክሲዎቹ የሄዱለት ክፍለ ጦር እንኳን ሌላው እግረኛው የደረሰው በባቡር ነበር።

ዕቅዱን የጣለው ሆድና እግር ነው። በቀኝ ጫፍ የሚሄደው የክሉክ 1ኛ ጦር ከጀርመን ድንበር እስከ ማርን በእግሩ ተጓዘ። ወደ 84,000 የሚጠጉ ፈረሶች ነበሩት፤ በቀን የሚበሉት መኖ ብቻ 900 ቶን ገደማ ነው። ይህን ያህል ጭነት በጋሪ ለማመላለስ ሌላ ፈረስ ያስፈልጋል፤ ያም ፈረስ ይበላል። ቤልጂየሞች ሲያፈገፍጉ ድልድዩንና የባቡር ዋሻውን አፍርሰውታል። በመላው የጀርመን ጦር የነበሩት 4,000 ያህል የጭነት መኪናዎች ደግሞ ማርን ሳይደርሱ ከግማሽ በላይ ተበላሽተዋል። ፈረንሳዮች በአንጻሩ ወደ ራሳቸው ሐዲድ እየተጠጉ ነበር፤ የፈረንሳይ ጦር አዛዥ ጆፍር ከቀኝ ክንፉ ጦር እያነሳ በባቡር ወደ ፓሪስ አቅራቢያ ሲያዞር የጀርመኑ ወታደር ጫማው ተቀዶ በእግሩ ይከታተላል። ክሉክ ከፓሪስ ወገን የመጣበትን ጥቃት ለመመከት ወደ ምዕራብ ሲዞር በእሱና በቢሎው 2ኛ ጦር መካከል 40 ኪሎ ሜትር ያህል ክፍተት ተፈጠረ፤ እንግሊዞች እዚያ ገቡ። ሴፕቴምበር 9 ሌተና ኮሎኔል ሄንች ሞልትከን ወክሎ ከጦር ወደ ጦር ሲዞር ማፈግፈጉ ጸና። ሞልትከ በሳምንቱ ከሥልጣኑ ተነሳ፤ ፋልከንሃይን ተተካ።

በዚያው ሰሞን ከምዕራቡ ግንባር ሁለት ኮር ተቀንሶ ወደ ምሥራቅ ተልኮ ነበር። ታነንበርግ ላይ ድሉ የተገኘው እነሱ ሳይደርሱ ነው፤ ማርን ላይ ደግሞ አልነበሩም። ጽሑፉ ታነንበርግን (ኦገስት 26-30) የሂንደንበርግ የብልሃት ውጤት ያደርገዋል። ሂንደንበርግ ከጡረታ ተጠርቶ ምሥራቅ ፕሩሲያ የደረሰው ኦገስት 23 ነው፤ ወታደሩን በባቡር ወደ ደቡብ የማዞሩን ሥራ ሌተና ኮሎኔል ሆፍማን አስቀድሞ ጀምሮት ነበር። ሩሲያኖቹም የዕለቱን ትእዛዝ ያለ ምሥጢር ኮድ በሬዲዮ ያስተላልፉ ነበር። 92,000 ያህል ሩሲያውያን ተማረኩ፤ አዛዣቸው ሳምሶኖፍ ራሱን አጠፋ። ስሙንም ጀርመኖች የመረጡት በ1410 እዚያ አካባቢ የደረሰባቸውን ሽንፈት ለማካካስ ነው።

ስለ ጋሊፖሊ፣ ብሪታኒያና ፈረንሳይ የቱርክን ጠባብ የባሕር መተላለፊያ ሰብረው ለመግባት ስለ ሞከሩበት ዘመቻ፣ ጽሑፉ ኃላፊነቱን ሁሉ በብሪታኒያ የባሕር ኃይል ሚኒስትር በቸርችል ላይ ጥሎ ያልፋል። ማርች 18 ቀን 1915 የጦር መርከቦቹን የመለሳቸው ኑስረት የተባለች ትንሽ የቱርክ መርከብ በሌሊት ያጠመደችው የ26 ፈንጂዎች መስመር መሆኑን ግን አይነግረንም። ሦስት ትልልቅ የጦር መርከቦች በዚያ ቀን ሰጠሙ፤ ፈንጂ ጠራጊዎቹ በምሽግ መድፍ እየተመቱ፣ መድፎቹም ፈንጂው ሳይጠረግ ሊቀረቡ ሳይችሉ ነገሩ ዙሪያ ጥምጥም ሆነ።

አሁን ወደ ቨርደንና ሶም። «ደደብ ጄኔራሎች ወታደሩን በመትረየስ አስፈጁ» የሚለው የጽሑፉ ማዕከል ነው፤ ረዘም አድርገን ብናየው ይገባዋል።

ቨርደን ፌብሩዋሪ 21 ቀን 1916 ሲጀመር ጀርመኖች 1,200 ያህል መድፍ አሰልፈው ነበር። ፋልከንሃይን ዓላማዬ ፈረንሳይን ደም ማስፈሰስ ነበር የሚለውን የጻፈው ከጦርነቱ በኋላ በትዝታው ነው፤ ለካይዘሩ በ1915 የገና በዓል ሰሞን ሰጠሁት ያለው ሰነድ በማኅደር ተገኝቶ አያውቅም። ጽሑፉ ግን እንደ ተረጋገጠ ሰነድ ይጠቅሰዋል። ፈረንሳይን ያቆማት የቨርደኑ አዛዥ ፔታን ያደራጀው መንገድ ነው። ዋናው ሐዲድ ስለተቆረጠ ከባር-ለ-ዱክ ከተማ እስከ ቨርደን ያለው ጠባብ መንገድ ዋናው መተላለፊያ ሆነ። በሺዎች የሚቆጠሩ የጭነት መኪናዎች ሌት ተቀን ተመላለሱበት፤ በተጨናነቀ ሰዓት በየ14 ሴኮንዱ አንድ መኪና ያልፍ ነበር። ሕጉ አጭር ነው፦ የተበላሸ መኪና ይገፋና ከመንገድ ይጣላል፤ እግረኛና ፈረስ በመንገዱ አይሄድም፤ ዳር ላይ የቆሙ ሠራተኞች ጠጠር በአካፋ ከጎማው ሥር እየወረወሩ መኪናው ራሱ እንዲደመድመው ያደርጋሉ። ፔታን ክፍለ ጦሮቹንም ሳያልቁ እያነሳ ይቀያይር ነበር፤ በዚህ ምክንያት አብዛኛው የፈረንሳይ ጦር ቨርደንን ቀምሷል። ጀርመኖች ግን ክፍለ ጦሩን እዚያው አቆይተው ምትክ ሰው ይልኩለታል፤ አዲሱም እንደ ደረሰ ያልቃል። ዲሴምበር ላይ ሲያበቃ ከሁለቱም ወገን ሙትና ቁስለኛው 700,000 ገደማ ነበር።

ሶም ጁላይ 1 ቀን 1916፦ ብሪታኒያ በአንድ ቀን 57,470 ሰው ከጥቅም ውጭ ሆነባት፤ ከዚህ 19,240ው ሞቷል። ምክንያቱ ግን የሂሳብ ነው። ለሰባት ቀን 1.5 ሚሊዮን ያህል የመድፍ ጥይት ተተኮሰ፤ ብዙ ይመስላል። የሚያጠቃው ጦር አዛዥ ሮሊንሰን የመጀመሪያውን የምሽግ መስመር ብቻ እንያዝ ብሎ ነበር፤ የበላዩ፣ የብሪታኒያ ጦር ዋና አዛዥ ሄግ ጥልቀቱን አሳደገውና ያው መድፍ በሰፊ መሬት ላይ ተበተነ። ከጥይቱ ትልቁ ክፍል ፍንጣሪ የሚረጭ ነበር። ይህ ዓይነቱ እሾሃማ ሽቦ የሚቆርጠው ከመሬት በላይ በትክክለኛው ከፍታ ከፈነዳ ብቻ ነው፤ ትንሽ ከፍ ካለ ሽቦውን አይነካውም፣ ዝቅ ካለ ጭቃ ውስጥ ይቀበራል። ከባድ መድፎቹ ጥቂት ስለነበሩ እስከ 10 ሜትር የተቆፈረው የጀርመን ጉድጓድ ሳይነካ ቀረ። በችኮላ ከተመረተው ጥይትም እስከ ሲሶው ሳይፈነዳ ወድቋል። ተኩሱ ሲቆም ጀርመኑ መትረየሱን ተሸክሞ ደረጃውን ለመውጣት ጊዜ ነበረው፤ እንግሊዙ 30 ኪሎ ያህል ተሸክሞ ባልተቆረጠ ሽቦ ፊት ቆሟል። በደቡቡ ጫፍ፣ በፈረንሳይ ከባድ መድፎች አጠገብ ያጠቁት እንግሊዞች ግን ሞንቶባንንና ማሜስን በዚያው ቀን ያዙ። ጄኔራሎቹ ያው ናቸው፤ የተለየው የመድፉ ክብደት ነው።

«ደደብ» የሚለው ቃል ቀጥሎ የሆነውን አያስረዳም። በኤፕሪል 1917 ቪሚ ላይ ካናዳውያን ሽቦ እንደነካ የሚፈነዳ አዲስ ፊውዝ (የመድፍ ጥይት ማፈንጃ) ነበራቸው። የጠላትን መድፍ በድምፁና በብልጭታው እየለኩ ከአምስት አራቱን አስቀድመው አገኙት። እግረኛው ደግሞ በየሦስት ደቂቃው 90 ሜትር ያህል ወደፊት ከሚሄድ የመድፍ ግድግዳ ኋላ ኋላ ተከተለ። ከግድግዳው ከራቀ መትረየሱ ይቀድመዋል፤ ከቀረበ የራሱ ጥይት ይመታዋል። ትምህርቱ እጅግ ውድ ነበር፤ ሄግን ለመውቀስም ምክንያት አይጠፋም፣ በ1917 መጸው የፓሸንዳለን ጭቃ ማንም አላስገደደውም። በነገራችን ላይ በዚህ ጦርነት ከመትረየስ ይልቅ ብዙ ሰው የገደለው መድፍ ነው።

ታንክን በተመለከተ በአጭሩ፦ ሴፕቴምበር 15 ቀን 1916 ሶም ላይ ከተመደቡት 49 ታንኮች ሲሶ ያህሉ መነሻው ላይ እንኳን አልደረሱም። ኦገስት 8 ቀን 1918 አሚየን ላይ ከ400 በላይ ተሰልፈው በአምስተኛው ቀን ለውጊያ የበቁት 6 ነበሩ። ሞተሩ ይግላል፣ ሰንሰለቱ ይበጠሳል፣ ውስጡ ያለው ሰው በጭስ ይታፈናል። ያን ቀን ድሉን ያመጣው ጥቃቱ ከመጀመሩ በፊት ከ530 የጀርመን መድፎች 504ቱ ቦታቸው ታውቆ መመታታቸው ነው። አሜሪካም ኤፕሪል 6 ቀን 1917 የገባችው ጽሑፉ እንደሚለው አሜሪካውያን የተሳፈሩባት የእንግሊዝ የመንገደኞች መርከብ ሉሲታኒያ በመስጠሟ አይደለም፤ ሉሲታኒያ የሰጠመችው በሜይ 1915 ነው። ምክንያቱ ጀርመን ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1917 ገደብ የለሽ የባሕር ሰርጓጅ ጦርነት መክፈቷና ሜክሲኮን በአሜሪካ ላይ ለማነሳሳት የተላከው የጀርመን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የሲመርማን ቴሌግራም ነው። ሁለቱም የበርሊን ውሳኔዎች ናቸው። አሜሪካኖቹም ሲመጡ የተዋጉት በአብዛኛው በፈረንሳይ መድፍና ታንክ ነበር፤ ያመዘኑት በቁጥራቸው ነው።

«የአውሮፓውያን ጠብ ነበር፣ አፍሪካን አልነካም፣ ኢትዮጵያንማ ጭራሽ» የሚለው አንቀጽ ለአማርኛ አንባቢ መጻፉ ይገርማል። በዚያ ጦርነት ለብሪታኒያ በየብስ የመጀመሪያውን ጥይት የተኮሰው ኦገስት 7 ቀን 1914 በቶጎ ምድር አልሐጂ ግሩንሺ የተባለ አፍሪካዊ ወታደር ነው። በምሥራቅ አፍሪካ የጀርመኑ ሌቶቭ-ፎርቤክ እጁን የሰጠው በአውሮፓ ተኩሱ ከቆመ ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ኖቬምበር 25 ቀን 1918 ነው። ፈረሱንና በሬውን የፄፄ ዝንብ ስለሚጨርሰው ስንቅ የሚሄደው በሰው ጫንቃ ነበር። ብሪታኒያና አጋሮቿ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ተሸካሚ አሰማሩ፤ ከመቶ ሺህ የማያንስ ሰው በተቅማጥ፣ በወባና በረሃብ እንዳለቀ ይገመታል።

ኢትዮጵያ ገለልተኛ ነበረች፤ ጦርነቱ ግን ደጇን አንኳኩቷል። ጀርመን በ1915 ፍሮቤኒየስን ወደ አዲስ አበባ ልትልክ ሞክራ ጣሊያኖች ምፅዋ ላይ መለሱት። ልጅ ኢያሱ ከኦቶማን ቆንስላና ከሶማሌው መሪ ከመሐመድ አብዱላ ሐሰን ጋር መቀራረባቸው የብሪታኒያን፣ የፈረንሳይንና የጣሊያንን ሌጋሲዮኖች (የዲፕሎማት መሥሪያ ቤቶች) አስደነገጠ፤ መስከረም 1909 መግቢያ ላይ በአንድነት የተቃውሞ ደብዳቤ አስገቡ። በመስቀል ዕለት፣ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ተሻሩ፤ ዘውዲቱ ነገሡ፣ ራስ ተፈሪ አልጋ ወራሽ ሆኑ። ጥቅምት 17 ቀን ሰገሌ ላይ ንጉሥ ሚካኤል ተሸንፈው ተማረኩ። የሸዋ መኳንንት የራሳቸው ቂም ነበራቸው፤ ሌጋሲዮኖቹ ብቻቸውን አላደረጉትም። ያለ ጦርነቱ ግን ሦስቱ መንግሥታት ያን ያህል ባልተጣደፉም ነበር። ጦርነቱ በቆመበት በኅዳር 1911ም አዲስ አበባ በኅዳር በሽታ ሰው እየቀበረች ነበር፤ በሽታው በዓለም የተዛመተው በጦር መርከብና በወታደር ካምፕ ጭምር ነው።

የመጨረሻው ነጥብ ጀርመን «በጦር ሜዳ ሳትሸነፍ ፖለቲከኞች ሸጧት» የሚለው ነው። ይህን እንኳን ጸሐፊው በቅን ልቦና ያነሱት ይመስለናል፤ የማን ቃል እንደሆነ ግን ማወቅ ነበረባቸው። አሚየን ላይ የሆነውን ለጀርመን ጦር ጥቁር ቀን ብሎ የጠራው ከሂንደንበርግ ጋር ጦሩን ይመራ የነበረው ጄኔራል ሉደንዶርፍ ራሱ ነው። ሴፕቴምበር 29 ቀን 1918 ቡልጋሪያ እጅ ስትሰጥ እሱና ሂንደንበርግ ስፓ ላይ ካይዘሩን አሁኑኑ የተኩስ አቁም ይጠየቅ አሉት። አዲስ የሲቪል መንግሥት ተቋቁሞ ጥያቄውን እንዲያቀርብ የተደረገውም በእነሱ ምክር ነው። ኦክቶበር 26 ሉደንዶርፍ ተሰናበተ፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ስሙን ለውጦ ስዊድን ገባ። ኖቬምበር 11 ማለዳ ኮምፒየን ጫካ ውስጥ በተባባሪዎቹ ጦር ዋና አዛዥ በፎሽ የባቡር ፉርጎ የልዑካኑ መሪ ሆኖ የፈረመው ኤርዝበርገር የተባለ የምክር ቤት አባል ነው። ከጄኔራሎቹ ዋናዎቹ ሁለቱ እዚያ አልነበሩም። በዓመቱ ሂንደንበርግ በምርመራ ኮሚቴ ፊት ቀርቦ ጦሩ ከኋላ ተወጋ ሲል መሰከረ። ኤርዝበርገር ኦገስት 26 ቀን 1921 በጥይት ተገደለ።